እሬትን እንደ ኮሶ

ሆዴ ከደረቀ ስድስተኛ ቀኔን ይዤ ነበር። ነገሩ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ግን ወሬውን ከሆዴ ካልጀመርኩት ባዬ እንዴት እንደቀረልኝ ማስረዳት አልችልም። ካርቱም ውስጥ የዚያን ዓመት ሚያዝያ ያነሳ ሰው ሁሉ ስለ መንግሥት መውደቅ ነው የሚያወራው። ያውራ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የኔ ሚያዝያ ግን የሆዴና የባዬ ነው።

ሙላቷ እባላለሁ። የምኖረው ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ የሉጥፊያ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ነው። ሉጥፊያ ሱዳናዊት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ስድሳን የተሻገረች፣ አፏ ለአፍታ የማያርፍ። አሥራ አንድ ዓመት ስንጣላና ስንታረቅ አብረን ኖረናል። ሥራዬ ምግብ ቤት ውስጥ ማብሰል ነው። ሱዳኖቹ «ዝግኒ» የሚሉትን ቀይ ወጥ እሠራለሁ፣ እነሱም ጣታቸውን ይልሳሉ። በፆም ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሳቁላላ ውዬ አንዲት ጠብታ ሳልቀምስ እገባለሁ፤ ጨው ማነሱን በማሽተት ብቻ ነው የማውቀው። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ባዬ የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በመተማ አድርጎ ሲመጣ «ሁለት ወር ነው እትዬ፣ ከዚያ አልፋለሁ» ብሎኝ ነበር፤ አንድ ዓመት ተኩል ሆነው። ግንባታ ላይ ጡብ ይሸከማል፣ ሲገኝ ቀለም ይቀባል። የሚተኛው ግቢው ውስጥ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት በተዘረጋች የገመድ አልጋ ላይ ነው። ቁመቱ ከአልጋዋ ስለሚተርፍ እግሩ አየር ላይ ነው የሚያድረው። ሉጥፊያ «ያ ሙላቷ፣ ይኼ ልጅሽ ግመል ነው እንዴ?» ትለኛለች። ልጄ እንዳልሆነ ታውቃለች። እኔም አላርማትም። እኔ አልወለድኩም።

ከባዬ በፊት በዚያች አልጋ ላይ የሚተኛው ታናሽ ወንድሜ ጥላዬ ነበር። ወደ ሊቢያ ሲነሳ በር ላይ ሸሚዙን ጨምድጄ ለምኜዋለሁ። ጉልበቱን ስሜ ለምኜዋለሁ። የሸሚዙ ቁልፍ እጄ ላይ ቀረ፣ እሱ ሄደ። ሦስት ዓመት ሆነው፤ ድምፁም የለ፣ ወሬውም የለ። ያን ጊዜ ማልኩ፣ ሁለተኛ ሰው ላልለምን። የለመኑት ሰው እልህ ይይዘዋል፣ ዝም ያሉት ራሱ ያስብበታል ብዬ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ?

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ባዬ ከሥራ ገብቶ እግሩን እየታጠበ፣ «እትዬ፣ ነጂብ የሚባል ሰምሳር አለ» አለኝ። ሰምሳር ደላላ ነው። ይኼኛው ሰውን ከኦምዱርማን በጭነት መኪና አስነስቶ በበረሃው ወደ ሊቢያ የሚሸኝ ነው። «ከፋሲካ በፊት መኪና አለ ይላል። ገና አልወሰንኩም፣ እያሰብኩበት ነው።»

የጥላዬ ሸሚዝ ቁልፍ ትዝ አለኝ። አፌ ግን ምን አለ መሰላችሁ?

«መንገዱ ክፍት ነው። ማን ይዞሃል?»

እሱ እግሩን መታጠቡን ቀጠለ። እኔ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ፣ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። ከሁዳዴ መያዣ ጀምሮ ይኼን ልጅ እስክታስቀሪልኝ ድረስ በቀን አንዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ደረቅ ዳቦና ሽምብራ ብቻ እበላለሁ፤ ዘይት አልነካም፣ ወጥ አላይም አልኳት። ይኼን ለማንም አልተነፈስኩም። ስለት በእመቤቴና በኔ መካከል ነው፤ ለሰው ካወሩት ምኑን ስለት ሆነ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ያን ሰሞን ዳቦ እንደ ወርቅ ነበር። ባዬ ንጋት ላይ ዳቦ ቤት ይሰለፍና ረፋድ ላይ ጥቂት ይዞ ይመጣል። ነዳጅ ስለጠፋ ግንባታው ሁሉ ቆሟል፤ ሥራ የለውም። ማታ ማታ ፉሉን በሰሊጥ ዘይትና በሽንኩርት አሽቼ አቀርብለታለሁ። እኔ ዳቦዬን ከበሩ ጀርባ ቆሜ እቆረጥማለሁ።

«እትዬ፣ አንቺስ?»

«በልቻለሁ።»

«የት?»

«ምግብ ቤት።»

«በፆም፣ ሥጋ ሲሠራ በሚውል ቤት፣ ምን በላሽ?»

«አንተ ምን አገባህ! ብላ!»

አንገቱን ደፍቶ ይበላል። አንድ ቀን ከኋላዬ መጥቶ ደረቁን ዳቦ በውሃ ሳወራርድ አየኝ።  እኔ ዳቦውን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ከዚያ በኋላ የሚበላው እያነሰ፣ አንገቱ እየተደፋ መጣ፤ እኔ ግን ሥራ ማጣቱ ነው አልኩ። በገብር ኄር ሳምንት፣ ሰኞ፣ «ወስኛለሁ። ሐሙስ ነው የምንነሳው» አለኝ።

«መልካም መንገድ» አልኩት። ይኼን ያለ አፌ ይቆረጥ!

ምን ላድርግ? ስለቱ አነሰባት ይሆናል ብዬ ውሃውንም ቀነስኩ። ካርቱም ውስጥ በሚያዝያ ውሃ መቀነስ እብደት ነው፤ እኔ ደግሞ አንዴ ካበድኩ ለከት የለኝም። ከዓርብ ጀምሮ የደረቀው ሆዴ መጀመሪያ ነፋኝ፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሽንት ቤት ገብቼ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ተቀምጬ እንዲያው ባዶዬን እወጣለሁ። ረቡዕ ዕለት ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ምግብ ቤታችን ከቅዳሜ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ሕዝቡ የጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ተቀምጦ አልነሳም ካለ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ስለዚህ ቤት ተቀምጬ የሐሙስን መምጣት እጠብቃለሁ።

ሉጥፊያ ግድግዳ ይዤ ስሄድ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? አረገዝሽ እንዴ?»

ነገርኳት። ሳቀችና በሯ ላይ ወዳለው የወተት ቆርቆሮ ወሰደችኝ። እሬት ተክላበታለች። እነሱ ሰባር ይሉታል። ሁለት ወፋፍራም ቅጠል ቆርጣ ሰጠችኝና እንደ አስተማሪ ጣቷን ቀሰረችብኝ። ዐረብኛዋን ወደኛ ስመልሰው እንዲህ ነው።

«የተቆረጠውን ወደ ታች አድርገሽ ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው። ቢጫ ውሃ ይወርዳል፣ እሱን ትደፊዋለሽ። ከዚያ ትልጪዋለሽ፣ ታጥቢዋለሽ፣ የውስጡን ነጩን ሁለት ማንኪያ ብቻ በሎሚ ውሃ ትጠጫለሽ። ሁለት ማንኪያ! ቢጫውን እንዳትነኪው። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። መስማቱንስ ሰምቻለሁ።

ክፍሌ ገብቼ ቅጠሉን ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩት። ቢጫው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ኧረ የምሬቱ ነገር! ምላሴ ተኮማተረ። ከዚያ ነጩን ቀመስኩ፣ ምንም አይልም፣ እንደ ተልባ ውሃ ይንሸራተታል። ይኼኔ ነው የተሳሳትኩት። ሴትዮዋ መድኃኒቱን ደፍታ ገለባውን ነው እንዴ የምትጠጣው አልኩ። እኛ ጡት ስንጥል በእሬት ነው፣ እሬትን እኛ እናውቃለን አልኩ። መድኃኒት ካልመረረ ምኑ መድኃኒት ነው? አባቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጣ ዋንጫውን ሙሉ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚገለብጠው። በማንኪያ ኮሶ የጠጣ ሰው በአገሬ አይቼ አላውቅም። ሆድ የሚጠረገው በዋንጫ ነው።

ሉጥፊያ ዘወር ስትል ሄጄ ሦስት ቅጠል ጨመርኩ። ሁሉንም ከነልጣጩ ወቅጬ ጨመቅኩ፣ ቢጫውን መለስኩበት፣ ሎሚ ጠብ አደረግኩ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ፤ ፆሜን አልሽርም። ዘጠኝ ሲሆን በባዶ ሆዴ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ ገለበጥኩት።

አሥር ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። አሥራ አንድ ሆነ፣ ምንም። ኮሶ ቢሆን ይኼኔ ሥራውን ጨርሷል። የሱዳን እሬት ደካማ ነው አልኩና ፀሐይ ስትጠልቅ የተረፈውን ሁለተኛ ብርጭቆ ጨመርኩበት። አተርፍ ባይ አጉዳይ ማለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጀመረኝ።

ያን አልተርክላችሁም። እስኪረፍድ ስምንት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላልሻለሁ ልበልና ልለፈው። የድንጋዩ ሆዴ ወንዝ ሆነ። መጀመሪያ ላይ «ተመስገን» እያልኩ ነበር፣ በአራተኛው «በቃኝ» አልኩ፣ በስድስተኛው ኪዳነ ምሕረትን መጥራት ጀመርኩ። በሁለት ሰዓት ላይ ሉጥፊያ «ሰባሬን ማነው የላጨው?» ብላ ስትጮህ ከሽንት ቤት ሆኜ እሰማታለሁ፤ መልስ የምሰጥበት አቅም የለኝም።

ግቢው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከንጋት ጀምሮ የወታደር ማርሽ ብቻ ነው የሚለቀው። ትልቅ መግለጫ አለ፣ ጠብቁ ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ወድቋል ወድቋል እያለ ወደ መምሪያው ይጎርፋል፣ እልልታው መሬቱን ያናውጣል። ባዬ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ለመንገድ የገዛውን አዲስ ሸራ ጫማ አድርጓል፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጥሮታል። በስልክ ከነጂብ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት። ዛሬ ወታደሩ በሙሉ ከተማ ስለሆነ የበረሃው መንገድ ባዶ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም፣ ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ኦምዱርማን ተገኝ ይለዋል።

ልሰናበተው ወጣሁ። በር ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ዕንባ ሳላሳይ፣ «በል ሰላም ግባ» ልለው ነበር ሐሳቤ። «በል» የምትለዋን እንኳን አልጨረስኳትም። ግቢው ዞረብኝ፣ መሬቱ ላይ ተዘረጋሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ባዬ ጀርባ ላይ ነኝ፣ መንገድ ላይ ነን። ሻንጣው የለም። ሉጥፊያ ከፊታችን የፕላስቲክ ኢብሪቋን፣ ማንቆርቆሪያዋን፣ በውሃ ሞልታ ይዛ፣ «መንገድ! መንገድ ልቀቁ! በሽተኛ ናት!» እያለች ሕዝቡን ትሰነጥቃለች። ሪክሻ፣ የኛ ባጃጅ፣ የሚባል ነገር የለም፣ ክሊኒኩ ተዘግቷል። ሐኪም ያለው መምሪያው ፊት የተቀመጡት ሰዎች ድንኳን ውስጥ ነው ብላ እየመራችው ነው።

«አውርደኝ!» አልኩ።

«ዝም በይ እትዬ።»

«አውርደኝ እላለሁ! ልብስህን አበላሸዋለሁ!»

«አበላሺው።»

«አዲስ ጫማህን…»

«እትዬ፣ በናትሽ!»

አበላሸሁት። ሌላ ምን ልበላችሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባንዲራ ለብሶ በሚጨፍርበት መንገድ እኔ በእህቴ ልጅ ጀርባ ላይ ተዋረድኩ፣ ከውርደቴም ይልቅ የሚያቃጥለኝ የነጂብ መኪና ነው። ከመግሪብ በፊት እኔን ጥሎኝ ይሮጣል፣ ይደርስበታል። እሱ ሲሄድ የመጨረሻ የሚያስታውሰው ደግሞ ይኼን ሽታ ነው አልኩና እዚያው ጀርባው ላይ አለቀስኩ። ላቡ እየተንጠባጠበ ይራመዳል።

መግቢያው ላይ ፈታሾቹ ወጣቶች ናቸው። ሁኔታዬን አዩና አንዷ ልጅ በትሕትና «ከፋራ ያ ኻላ» ብላ ነጠላዬን ብቻ ዳስሳ አሳለፈችን፤ ይማርሽ አክስቴ ማለቷ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስተኙኝ። ዶክተሯ ከባዬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ቀጭን ልጅ ናት። ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ አለችኝ። ሳልመልስ ሉጥፊያ ቀደመችኝ።

«ሰባር! ሁለት ማንኪያ ብያት፣ ቆርቆሮዬን ራቁቱን አስቀርታ ጠጣችው!»

«ቢጫውንም?» አለች ዶክተሯ።

«ቢጫውንም» አልኩ።

«ለምን?»

ኮሶ ለሱዳን ዶክተር እንዴት ይነገራል? «በአገራችን መድኃኒት ይመራል» አልኳት። ዶክተሯ ሳቋን አፍና ክንዴ ላይ መርፌ ሰክታ ጉሉኮሱን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ አንጠለጠለችው። እያሰረችልኝ ነገረችኝ። ነጩ ሆድ ቢያለዝብም እንኳ በልኩ ነው፤ ቢጫው አንጀት የሚያጥብ ነው፣ በብዛት ከጠጡት ውሃውን በሙሉ ከሰውነት ጠርጎ ያወጣል፣ ሰው ይገድላል። ከዚያ ደግሞ ስለምበላው ጠየቀችኝ። ስነግራት የቀረ ቁጣዋን አወረደችብኝ።

«ዘይት የለም፣ ቅጠል የለም፣ ውሃ የለም፣ በዚህ ሙቀት! ሆድሽ ባይደርቅ ነበር የሚገርመኝ። በሽታ የለብሽም፣ እልኸኛ ነሽ። ፁሚ፣ ግን ውሃ ጠጪ፣ ዘይት ጨምሪ።»

በሽታ የለብሽም ስትለኝ ሉጥፊያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ወዲያው ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

ሁለተኛው ጉሉኮስ ሲጀመር ዓይኔ በራ። ውጭ መግለጫው ተነበበ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ከዚያ ደግሞ ይኼማ አይበቃንም እያለ መልሶ ጮኸ። ባዬ ከአንዱ ሱሪና ሸሚዝ ለምኖ ቀይሯል፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። ጫማውን አጥቧት፣ እርጥቧን መልሶ አጥልቋታል። ክሯ እንደገና ሁለት ጊዜ ተቋጥራለች። እኔ የማየው እሱን ነው።

ስልኩ ጮኸ። ነጂብ ነው። ባዬ አየውና ጮኾ እስኪያበቃ ጠበቀው።

«ሆን ብለሽ ነው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«እሬቱን። እንዳልሄድ ብለሽ ነው የጠጣሽው?»

ደሜ ፈላ። «አብደሃል እንዴ! በሰው ፊት እንዲህ ልዋረድ ብዬ? ሆዴ ስለደረቀ ነው! እሷን ጠይቃት!»

«እሺ፣ እሺ» አለ። መሬቱን በጣቱ ይጭራል። «እኔማ ሆን ብለሽ በሆነ ብዬ ነው።»

ነገሩ አልገባኝም። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ግን ብድግ አለ፣ «ነጂብ ነው፣ ልመልስለት። ጉሉኮሱ ሲያልቅ ሉጥፊያ ታደርስሻለች አይደል?» አለ። ያን ጊዜ እጄ እኔን ሳታማክር፣ መርፌ የተሰካባት እጄ፣ ተወርውራ ሸሚዙን ያዘችው። የጥላዬን ሸሚዝ እንደያዝኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ሁለተኛ አልለምንም ያልኩት ሴትዮ ይኸውና።

«አትሂድ» አልኩት።

«ምን?»

«አትሂድ! እለምንሃለሁ። እንዳትሄድብኝ። ስትሄድ ማየት አልችልም፣ እሞታለሁ። አትሂድ፣ ባዬ።»

ስልኩ በእጁ ላይ ይጮኻል። እሱ ተመልሶ ቁጢጥ አለ።

«እንድሄድልሽ የፈለግሽ መስሎኝ ነው እኮ!» አለኝ። «መንገዱ ክፍት ነው አልሽኝ። መልካም መንገድ አልሽኝ። እኔኮ ያኔ አልወሰንኩም ነበር፣ አትሂድ ትይኛለሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ከዚያ ሥራ ጠፋ፣ ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። አንቺ ደግሞ በር ጀርባ ቆመሽ ደረቅ ዳቦ ትቆረጥሚያለሽ። ፉሉን ለኔ፣ ዘይቱን ለኔ፣ አንቺ በውሃ። የማላይ መሰለሽ? የሚበላው አልቆባት ከአፏ እየነጠቀች ነው የምታበላኝ አልኩ። እንዲህ ስትራቢ እያየሁ እንዴት ልቀመጥ? ለዚያ ነው የምሄደው። ሊቢያን ማን ይወዳታል?»

ሸሚዙን እንደያዝኩ ነኝ።

«ባዬ» አልኩ፣ «እኔኮ አልተቸገርኩም። ጓዳ ውስጥ ዘይቱ ሙሉ ጀሪካን ነው። ስለት ነው። እንድትቀርልኝ የተሳልኩት ስለት ነው።»

 ሳስበው አሁንም ያቃጥለኛል። እኔ ደረቅ የቆረጠምኩት እንዲቀር ነው፤ እሱ የሚሄደው እኔ ደረቅ ስለቆረጠምኩ ነው። አርባ ቀን ሙሉ በገዛ ጥርሴ ስሸኘው ኖሬያለሁ። ዝም አይነቅዝም ያለው ማን ነው? የኔስ እንክት ብሎ ነቅዟል።

ሉጥፊያ አማርኛ አይገባትም። አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። «ምንድነው የምታለቅሱት? ምን ይላል?» ብላ ወተወተችኝ። ተረጎምኩላት። ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ወይ ሐበሾች! አላህ አፍ የሰጣችሁ ለምንድነው? ለሰባር መጠጫ ነው?»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሳቁ፣ ዶክተሯም ሳቀች። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ሉጥፊያ ከባዬ እጅ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «አንተ፣ ልጁ አይመጣም! ኸላስ፣ አበቃ! እናቱ ታማለች፣ እሱ ጋ ሁለተኛ ብትደውል ኦምዱርማን ድረስ በዚህች ኢብሪቅ እመጣልሃለሁ!» ብላ ዘጋችበት። እናቱ ነው ያለችው። አላረምኳትም፣ ባዬም አላረማትም።

እሱ ስልኩን ተቀብሎ አጠፋው። ከዚያ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ሁለት ጊዜ የተቋጠረ፣ በዚያ ላይ የረጠበ ነው፣ እምቢ አለው። በጥርሱ ሁሉ ታገለው። የመጀመሪያዋ ስትፈታ እኔ ከወር በላይ ያልወጣልኝ ትንፋሽ ወጣልኝ። ጫማዎቹን አውልቆ ድንኳኑ ደጅ ፀሐይ ላይ አሰጣቸውና በባዶ እግሩ ተመልሶ መጣ። እመቤቴ ሳይደግስ የማይጣላ ልጅ አላት። ደግሶልኛል፤ በምን በኩል እንደደገሰው ግን ለሰው አልናገርም ብዬ ነበር፣ ይኸው ተናገርኩ።

ፀሐዩ በረድ ሲል ተቀማጮቹ ምግብ ያከፋፍላሉ። ባዬ ሄዶ ተሰለፈና ምስር ሾርባ በሳህን፣ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ መጣ። የሰሊጥ ዘይት እላዩ ላይ እንደ ሳንቲም ተንሳፍፎ ያበራል። ዘይቱን አየሁት። ስለቱ ደርሷል፣ ሰውዬው እፊቴ በባዶ እግሩ ቆሟል፣ ከዚህ በኋላ ደረቅ ብበላ ለማን ነው?

«አንተስ?» አልኩት።

«በልቻለሁ።»

«የት?»

 ሳቁ መጣበት። ዳቦውን ለሁለት ገመሰና ግማሹን ለራሱ አስቀርቶ ሳህኑን መሐላችን አኖረው።

«ብዪ!» አለኝ፣ እኔ እንደምጮህበት ጮኾ።

በላሁ።